ከመፍታትሽ በፊት

ሐረጎ ኩርባ ላይ፣ ጉም ሲወርድ ከጫፉ፣
ሞተሩ ሳል ሳል አለና ትንፋሽ ጠፋ ከአፉ።
ከኋላ ሲኖትራክ፣ መብራቱ ጀርባዬን ሲልሰው፣
እጄ መሪው ላይ ተርበተበተ፣ ምን እንደነካ ማን ያውቀው፤
ብቻ ገፍቼ ዳር አወጣሁት፣ ውሃ ሆኖ ጉልበቴ፣
ጎማው ስር ድንጋይ ወትፌ፣ ቁጭ አልሁ ከነድንጋጤ።

የእኔ አይደለም ሞተሩ፤ የአቶ ፈንታው ነው፣ የከብት ሐኪሙ፤
ነገ ማለዳ ኩታበር ላይ ባለ ቀንድ በሽተኞች ተሰልፈው ሊቆሙ።
«ዛሬ ማታ ደሴ አደርስልዎታለሁ» ብያለሁ በአፌ ሙሉ፣
ሴት መካኒክ ሲያዩ የሚስቁ ሰዎች እየሰሙ ሁሉ።

ጋሽ ሙሄ ነው ያስተማረኝ፣ ቦርከና ዳር በቆርቆሮ ቤቱ፤
ካቻቢቴ ከማስጨበጡ በፊት ጆሮ መግራት ነው ስልቱ።
«ይህ የሚንተፋተፈው ነዳጅ ያጣ፤ ይህ የሚተኩስ ነዳጅ የጠገበ፤
ይህ ቀጭ ቀጭ ብቻ የሚለው መብራት በርቶ ያደረ፣ ባትሪው የተራበ።
አብሽሪ፤ ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፦ ነዳጅ፣ እሳት፣ ንፋስ፤
በተራ ጠይቂው እንጂ ገና ለገና ብለሽ ቤቱን አታፍርስ— 
አታፍርሺ!» ብሎ ራሱን አረመ።
ሴት ልጅ አስተምሮ አያውቅም ነበር።

እሺ። ነዳጅ።
የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቼ አወዛወዝሁት፤ ይንቦጫቦጫል።
አለ። ግን ያለው ሁሉ ነዳጅ ነው?
ማደያው ወረፋ ስለነበረ ከድልድዩ ማዶ ከአንድ ጎረምሳ
በሃይላንድ ነው የገዛሁት፤ ሁለት ሊትር፣ ያለ ክርክር።
የካርብሬተሩን የታች ቡሎን አላልቼ መዳፌ ላይ አንጠባጠብሁ።
ቤንዚን እጅ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ይተናል፤
ይሄ ዶቃ ሠርቶ ተቀመጠ።
ውሃ።
የቦርከና ውሃ ሳይሆን አይቀርም፣
ቁልቁል ወርዶ ወርዶ፣ ወደ ደሴ ሊመለስ አምሮት
በእኔ ሞተር የተሳፈረ።

አፈሰስሁት። እሳት።
ካንዴላውን ፈታሁ፤ እርጥብ፣ ጥላሸት የለበሰ።
ቆላ ቃኝቼው ደጋ ሳወጣው ታፍኗል፣ አየሩ እየሳሳ፤
«ባቲ የተቃኘ አምባሰል አይዘፍንም» ይል ነበር ጋሽ ሙሄ፣
ቪቷን በጥፍሩ ሩብ ዙር እያዞረ።
በሻሼ ጫፍ ጠርጌ፣ ከቴስታታው ብረት አስጠግቼ
ረገጥሁ።
ጨለማ።
ደግሜ ረገጥሁ። ያው ጨለማ።

ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። ክላክሱን ነካሁ፤
ተራራው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ። ባትሪም አይደል።
ሽቦውን ከቁልፉ ጀምሬ እንደ መቁጠሪያ በጣቴ ቆጠርሁት፤
የተላጠ የለም፣ የተበጠሰ የለም፣
ጣቶቼ ግን እንጨት ሆነዋል፣
የስልኬ ባትሪም ዘጠኝ በመቶ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።
ቀኝ እጀታው ላይ፣ ያ ቀዩ ቁልፍ፣
ወደ «ጠፍቷል» ዞሮ፣ በጨዋ ደንብ የተቀመጠ።
ሲኖው ሲመጣ የነካሁት። በገዛ አውራ ጣቴ።
ከሦስቱም በፊት የነበረው ትምህርት ይሄ ነበረ፦
«ከመፍታትሽ በፊት መሪውን ተመልከቺ።
ሰው በሽታ የሚፈልገው ሩቅ ነው።»

ቀጭ። ረገጥሁ። ነጭ ጭስ ተፋ፣
አንድ አነጠሰ፣ ያዘ።
ሰው ባያየኝም አፈርሁ፤ ጉሙ ነበረ።

በማግስቱ ጋሽ ሙሄ ጋ ሄድሁ።
ጆሮው ካለፈው ክረምት ወዲህ ጥሎት ሄዷል፤
ሞተር የሚያዳምጠው አሁን በመዳፉ ነው።
በእጄ ነገርሁት፦ የውሃውን ጠብታ፣
የካንዴላውን ጥላሸት፣ የሽቦውን ቆጠራ፣
በመጨረሻም አውራ ጣቴን አነሳሁ።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ።
ከዚያ የራሱን ጠባሳም አውራ ጣት አነሳ፣
በሌላው እጁ አምስቱን ጣቶች ዘርግቶ አሳየኝ። አምስት ጊዜ።
ጥቂት አሰበና
እንደገና ዘረጋቸው።