አሸዋው ነው የቀጠረኝ

«አቦ ናስር!» አለች ኢፍቱ፣ በስልክ ጮሃ፣
«ነካሁት፣ ነካሁት፣ ዝም ነው እንደ በረሃ!
የጠዋቱ ይሠራል፣ የማታው ነው የከዳኝ፤
ሰባት ጆንያ ድንች ከሐረማያ ገባልኝ፣
‘ተሸጧል’ ልለው ብል ቁልፍህ አልሰማ አለኝ።»

ከዚራ፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት። ፋኑ ይዞራል፣
ሙቀቱን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ያሻግራል፤
ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ እንደ ቀትር ድንጋይ ይግላል።

ገጹን ከፍቼ ሞከርኩት፤ እውነቷን ነው።
የጠዋቶቹ ሦስት መስመሮች ሁሉም ሕያው፣
ሲነኳቸው «አቤት» ባዮች።
የማታዎቹ ግን መልክ አላቸው፣ ቀለም አላቸው፣
ያው አረንጓዴ ቁልፍ፣ ያው ጥጉ የተሞረደው፣
ጆሮ ብቻ የላቸው።

ቀይ ፊደል ቢወጣ ምንኛ ደስ ባለኝ!
የሚጮህ ስህተት ይሻላል፤ ዝምታው ነው የገደለኝ።
«እዚህ ደርሻለሁ» ብዬ በኮዱ ሆድ ውስጥ ጻፍኩ፣
ነካሁ፣ ጠበቅኩ፤
ማንም አልደረሰም።

ለካ ኮዴ ጠዋት፣ ገጹ ሲከፈት ዞሮ ነበር፣
በየቁልፉ ጆሮ አንድ ቃል ሲነግር።
ያኔ የነበረ ሰማ። ያልተወለደ ምን ይስማ?
የማታው ድንች የለበትም በጠዋቱ ከተማ።

«ቀላል ነው» አልኩ
(በዚህ ቃል ነው የሌሊቱ እንቅልፍ የሚያልቀው)፤
አዲስ መስመር በገባ ቁጥር
ለሁሉም ጆሮ ስጥ ብዬ አዘዝኩት። ብዙ አልቆየችም፣ ደወለች፦
«አንዴ ብነካው አራት ጊዜ ሸጠው!
ሰባት ነበር፣ ሦስት ይላል፤
ዋርያ፣ ድንቹን ማን በላው?»

ጆሮ ላይ ጆሮ፣ መስሚያ ላይ መስሚያ ደርቤ፣
አንዱን ጠርቼ አራት አቤት ባይ ሰብስቤ!

ዘግቼው ወጣሁ። ንፋስ ፍለጋ ነበር ሰበቡ።
ደቻቱ ደርቋል፤ የቀኑ ሙቀት እስካሁን
አሸዋው ላይ ቁጭ ብሏል።
ሸራ የወጠሩ፣ ቆርቆሮ ያቆሙ፣ ትናንት ያልነበሩ፣
ነገ የሚነሡ ሱቆች ተኮልኩለዋል በዳሩ።
ሮብሌ ዘበኛው ግን ካንዱም ደጅ የለም፤
ከድልድዩ እግር፣ ከፍ ካለው፣
ሽርጡን አጥብቆ፣ ዱላውን አጋድሞ ተቀምጧል።

«በየሱቁ ደጅ ለምን አትዞርም?»
«ሱቅ ምን እምነት አለው? ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።
ጎርፉ ሲመጣ ደመናው እዚህ አይታይም፣
ዝናቡ ደጋ ነው፤
ሸራውን ይወስዳል፣ አሸዋውን ይተዋል።
እኔን የቀጠረኝ አሸዋው ነው።
ከታች ማንም ይጥራ፣ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፣
እዚህ ያገኘኛል። ያኔ ‘ማነው የጠራ?’ ነው።»

«ሱቅ የሌለው ሕፃን ቢሆንስ የጠራህ?»
ሳቀ። «ታዲያ ‘የማን ልጅ ነህ?’ ማለት አቃተህ?»

ተመልሼ ጆሮውን ከየቁልፉ ነቀልኩ አንድ ባንድ፣
ከሠንጠረዡ አናት ተከልኩት፣ ከማይነሣው ግንድ።
«ማነው የጠራ?» ብዬ ጻፍኩ።
ነካሁ።
ዝም!
ላብ አጠመቀኝ። ለካ ጣቴ ያረፈው
ቁልፉ ላይ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ካለችው
ትንሽዬ የሚዛን ሥዕል ላይ ነው።
«የማን ልጅ ነሽ?» አስባልኩት፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ፣
«የኔ ናት» የሚል ቁልፍ መጣ።
ሰባት የነበረው ስድስት ሆነ። አንዴ ብቻ።

አሥር ሰዓት ላይ ገበያው ነቅቷል፤ ደወልኩላት።
«እሺ፣ ሠራ» አለች፤ ምስጋና የሚባል የለበት።
«ግን አረንጓዴው አስጠላኝ፤
እንደ ቲማቲም ቀይ አርግልኝ።»

ቀዩን ስቀባ
ከሐረር ተራሮች በኩል አንድ ነገር አጉረመረመ፤
ነጎድጓድ ይሁን የጭነት መኪና አልለየሁትም።
ከታች አንድ ሰው ሲጣራ የሰማሁ መሰለኝ፣
ከላይ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣
«አቤት፣ ማነው?»