አጥፊ

ትራም ነጂዋ ቦግና፣ ዓመት ሙሉ ቆጥባ፣
ባልቲክ ዳር ተከራየች፣ ማስታወቂያ አንብባ።
በፎቶው ግድግዳው እንደ ወተት ነጥቶ፣
በዓይኗ ግን ሻጋታ ድንበር ገፍቶ፣ ሰፍቶ፣
ልጇን ሌሊት ሙሉ ሲያስለው ሰማች።
እውነት እያደር ይጠራል፤ ሦስት ሌሊት አደረች።

ቤቷ ገብታ ጻፈች፦
«ሻጋታ አለ፣ ከራስጌው።
ልጄ እስካሁን ያስላል።
ባሕሩ ግን ውብ ነው።»

ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተሙ ቀይ፣ ወረቀቱ ወፍራም፦
«የአቶ ጎስቶሚርን ስም አጥፍተሻልና
በሰባት ቀን ውስጥ አጥፊ።
አለዚያ ሠላሳ ሺህ ዝሎቲ።»

ዴፖ ውስጥ፣ ተረኛው እስኪመጣ፣ ጓንቷን አውልቃ፣
ሁለቴ አነበበችው፣ ቃል በቃል ጠንቅቃ።

ከዚያ እንደታዘዘችው አጠፋች፤
ስለ ባሕሩ ያለችውን።