ድገመው

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ራዲዮ ከምጠግንበት፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ በቀን አምፖል ካበራሁበት፣
ከአዲስ አበባ መጣ መርማሪው፣ ሌሊት ተጉዞ፣
የፈጠራ ማመልከቻዬን በብብቱ ይዞ።

አቶ ንጋቱ ይባላል። መነጽሩን ጠረገና፣
«አዲስ ነገሩ የቱ ነው?» አለኝ፣ ሳጥኔን ከፈተና።

ከአሮጌ ጢስ ጠቋሚ ፈትቼ ያወጣኋት፣
ጨረር የምትተፋ ብናኝ፣ ከምስር ያነሰች ናት።
ቆጣሪውን ስትነካው ቀጭ... ቀጭ ቀጭ... ደግሞ ዝም።
መቼ እንደምትል እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅም።

የእቁባችን ዳኛ ቢታማ፣ «ዕጣ አጥፎ ያውቃል» ተብሎ፣
ይህን ሠራሁ፤ ቁጥሩን ይጥራ፣ ከሰው እጅ ተነጥሎ።

ተጫንሁት። «ሰባት» አለ። መርማሪው ጻፈው።
ቀና ብሎ፣ «ጥሩ፤ አሁን ያንኑ ሰባት ድገመው።»

ሳቄ መጣ፣ ዋጥሁት።
ከደገምሁት ሞተ ፈጠራዬ፤
ካልደገምሁት በምን ይታይ ማስረጃዬ?

ቀጭ። እሱ ቆጠረ። ሻዩ ቀዘቀዘ።
«ይጣራል» ብሎ ፈረመና ወደ ፒያሳ ተጓዘ።

አንድ ነገር ግን አልነገርሁትም፦
እቁብተኛው አሥራ ሁለት፤ አሥራ አንድ ዕጣ ወጣ፣
የኔ ቁጥር ከገዛ ሳጥኔ አንድም ቀን አልመጣ።
የሚመጣው ወር ግን ሳጥኑን አልከፍትም፤
የቀረሁት እኔ ነኝ።
ዕጣ አያስፈልግም።