በውሰት

ቅዳሜ ገበያ፣ ጠባሴ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር፣
እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ስቆፍር፣
አንተ ወጣህ፤ ጀርባህ ላይ ስም፣ ከስሙ ሥር ቁጥር፦
ሃዝልዲን። ዐሥራ ዘጠኝ።
የዘጠኙ ጅራት ተልጦ ክቡ ብቻ ቀርቷል።
«የማን ነው?» ብለው ሻጩን፣ ትከሻውን ነቀነቀ፤
የታዋቂ ቢሆን መቶ ብር፤ አንተን ግን ማን ዐወቀ?
በሠላሳ ወሰድኩህ።

ያኔ ለብርድ ልብስ ፋብሪካው አጥቂ ነበርኩ፤
በወንድሜ ጫማ፣ ጣቴን አጥፌ፣ በበሬሳ ውርጭ የሮጥኩ።
ልሳነወርቅ፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ፣ ስምህን ጽፎ ፈለገው፤
ታሪክህን እንደ ዱቤ ደብተር ቁልቁል ተረተረው፦

ግሪምስቢ፦ ሃያ ሁለት ጨዋታ፣ አራት ጎል።
ካርላይል፦ በውሰት።
ሮችዴል፦ በውሰት።
ግሪምስቢ እንደገና፦ ጉልበት፣ ቀዶ ጥገና፣ ባዶ።
ሊንከን፦ ዐሥራ አንድ ጎል! («እሰይ!» አለ ልሳነወርቅ።)
ከዚያ በውሰት።
ከዚያም በውሰት።

ሰው ይዋሳሉ እንዴ? አልኩ። መጥረቢያ ነው የሚዋሱት፣
ወንፊት፣ መሰላል፣ ድንኳን፣ ለሠርግም ብረት ድስት።
ድስት እንኳ ሲመለስ ታጥቦ ነው፣ ጥላሸቱ ለቆ፤
አንተን ግን የመለሱህ ጉልበትህ ወልቆ።

ኋላ እኔም ተዋስኩ።
ፋብሪካው ለማዘጋጃ ሰጠኝ፣ ለአንድ ውድድር፤
በምትኬ የወሰደው ሁለት ኳስና መረብ ነበር።
ማዘጋጃ ለደብረ ሲና፤ በጣርማ በር ወረድኩ፣
ጉሙ ዋሻው ድረስ ገብቶ፣ ካፖርቴን ደረብኩ።
ደብረ ሲና ለሮቢት፤ ካፖርቱን እዚያ ሸጥኩ።
ማደሪያዬ ሽንኩርት የተጫነበት የአይሱዙ ጀርባ፣
ዐይኔ ሌሊት ሲያለቅስ፣ ቀን ዘጠኝ ጎል ሳገባ።
ደመወዝ? አንዴ ብር፣ አንዴ ግማሽ ኩንታል ማሽላ፣
አንዴ «እግዜር ይስጥልን»፤ ከዚያ ወዲያ የለም ሌላ።

በመጨረሻ ወደ መንዝ፤ የከተማው ስም መሐል ሜዳ።
አጥቂ ሆኜ ሦስት ወር መሐል ሜዳ ቀረሁ!
ይህን ለአሠልጣኝህ ንገረው፣ ይስቃል፣ ልል ነበር፤
ረሳሁት፤ በናንተ ቋንቋ አያስቅም።

አንድ ጥር፣ በዋንጫው፣ ትልቅ ቡድን ደረሳችሁ።
የአቶ ጌጤነህ ዲኤስቲቪ ቤት፣ አግዳሚው ሁሉ ሞልቶ፣
ሕዝቡ የትልቆቹ ደጋፊ፣ ባንድ ቀለም ተቀብቶ።
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ።
ሰሌዳው ተነሣ፤ ዐሥራ ዘጠኝ።
እኔም ተነሣሁ።
ከዚያ ሁሉ ሰው ብቻዬን።
«ተቀመጥ! ዘመድህ ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ ከኋላ።
«አዎ» አልኩት።

ፀጉርህ ሣሥቷል። ካልሲህ ወርዷል።
ስንት ዓመት ማልያህን ያለ አንተ ለብሼ፣
አንተን በሌላ ማልያ አየሁህ ዐይኔን አብሼ።
ሦስት ጊዜ ኳስ ነካህ።
ሦስተኛዋ በግንባር፤ ከአግዳሚው በላይ፣ ወደ ተመልካቹ።
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
እኔ አልሳቅኩም። ያቺን ኳስ ዐውቃታለሁ፣ ሃዝልዲን፤
የሳትካት ዘግይተህ አይደለም፣ ቀድመህ ዘለህ ነው።
እግሩን ማመን የተወ አጥቂ ኳሷን አይጠብቃትም፤
ኳሷም እሱን።

ባለፈው ልሳነወርቅ አየ፤ አቁመሃል።
ዐሥራ አራት ክለብ፣ ዘጠና አንድ ጎል፣ ከሥሩ መስመር ተሰምሮ።
የእኔን ማንም አልደመረ፤
የሮቢቱን ዘጠኝ ምናልባት ሽንኩርት ጫኞቹ ያስታውሳሉ፣
አንዱም እንደሆን ከጨዋታ ውጭ ነበር ይላሉ።

ማልያህ? መስኮቴ ላይ ነው።
የጎረቤት ልጅ መስታወቴን በኳስ ሰብሮ፣
የኅዳር ውርጭ እንዳይገባ፣ ወተፍኩህ በዚያው ቀዳዳ፤
ቁጥርህ ወደ ውጭ ዞሮ።
አባቱ «ላሠራልህ» ይለኛል፤ «ቆይ፣ ይደርሳል» እለዋለሁ።
ልጁ ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ
ቆም ብሎ ያነበዋል፣ ጮክ ብሎ፦
«ዐሥር!»
አላርመውም።