ፍራሹ ሲወጣ

ክረምቱ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው፣
ሽምብጥ ያለው ቤቴን ሻጋታ ወረረው።
ከአልጋው ራስጌ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ካርታ የመሰለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የማላውቀው አገር።
ጣና እስትንፋሱን በግድግዳው ሰድዶ፣
ቀን የጠረግኩት ሁሉ ሌት ያድራል ተወልዶ።

ባንቺአየሁ ልጄ፣ ሰባት ዓመቷ፣
ሌሊት ሌሊት ያፏጫል ደረቷ።
የበር ስንጥቅ ያገኘ ነፋስ ይመስላል፤
እሷ ቁጭ ብላ ስታድር የኔ ጎን ይቆስላል።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ውዴ ጠየቀችኝ፤
መልሴን ሳልጨርሰው በእጇ አቋረጠችኝ።
«በመጥረጊያ?»
«አዎ፣ ጠዋት ማታ፣ አንድም ቀን ሳልዘል።»
«ደረቁን?»
«ደረቁን።»
«ታዲያ ተነሥቶ እሷው ላይ ይወርዳል፣ እንደ ጠል።»

አፈርኩ።
«የማን ቤት እንደ እሷ?» እየተባልኩ የኖርኩት፣
ለካስ ልጄን አቧራ ነው ጠዋት ጠዋት ያጎረስኩት።

«ዓይን የማያየው ተባይ አለ» አለችኝ፣ «ትራስ ውስጥ የሚያድር፣
ከገላችን ርጋፊ እየለቀመ የሚኖር፤
እርጥበት ነው ነፍሱ፣ ሙቅ ውኃ ነው ሞቱ።»
እርጥበት! ጣና ዳር! ሳቅሁኝ በከንቱ።

ቅዳሜ ጀመርነው፣ ባንቺን ጎረቤት ልከን።
አንማው መጋረጃውን ሲያወርደው ከበሩ፣
ሦስት ዓመት የተኛ አቧራ ፈሰሰ በፀጉሩ።
ምንጣፉን ጠቅልለን ለእህቱ ላክነው፣
«ለማይሳል ቤት ይሁን» ብለን ተሰናበትነው።
ድመቷ ከመኝታ ቤት ተከለከለች፤
መስኮት ላይ ተቀምጣ ስትራገም ዋለች።
በረኪና ይዤ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣
ካርታውን ፋቅኩት፣ አገር በአገር፣ እስኪዝል ክንዴ፣ እስኪደርቅ ከንፈሬ።
አንሶላው ጓሮ፣ በበርሜል ሲፈላ፣
በዱላ ሳማስለው ያየችኝ ይታይሽ፦ «ምን ልትጠምቂ ነው? ጠላ?»

ቀረ ፍራሹ።

አንማው ጨርቃጨርቅ ፈተል ክፍል ሲገባ፣ ገና ጎረምሳ ሆኖ፣
ማሽን ሥር የረገፈ ጥጥ በኪሎ ገዝቶ፣ በብስክሌት ጭኖ፣
ለሠርጋችን ነው የሞላው፤ ራሱ ነው የሰፋው፣
በወፍራም መርፌ፣ ጣቱን እየወጋው።
ሁለት ልጅ ተወልዶበታል፤ አንዱ አላደገም።
ስለዚያ፣ ስላላደገው፣ አንማው አይናገርም።
«ያረጀ ጥጥ ፍራሽ ካለ ይውጣ» ነበር ያለችው፤
ቃሉ እንዴት ቀለላት፣ ተኝታበት አታውቀው።

አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ እኔ ደግሞ በአንዱ፤
ከአልጋው ስናነሣው እንደ ሰው ከበደ ሆዱ።
ደጃፍ ላይ ስንደርስ ስፌቱ ተተረተረ፤
ጥጡ ወጣ። ነጭ መስሎኝ ነበር፤ ግራጫ ነበረ።
አንማው እፍኝ ዘገነ፣ አየው፣ አሸተተው፣
ከዚያ ልክ እንደ ልጁ፣ ድንገት ሳል ያዘው።
ጎንበስ ብሎ ሲስል፣ ግድግዳ ተደግፎ፣
ያንኑ ፉጨት ሰማሁ፣ ከደረቱ አልፎ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጥጥ የዋጠ ደረቱ
ያፏጭ እንደሆነ፣ በዚያ ሁሉ ሌሊቱ፣
ጠይቄው አላውቅም።
ጆሮዬ የነቃው ለልጄ ብቻ ነበር።

ዛሬ የምንተኛው ደንገል ሰሌን ላይ ነው፣
ከሐይቁ ዳር ትናንት ተከራክረን የገዛነው።
ጎን ይወጋል። ግን ይራገፋል፤ ፀሐይ ይመታዋል፤
ጥጥ የማያውቀው ጠረን፣ የውኃ ጠረን አለው።

ባንቺአየሁ ተኝታለች። ፉጨቱ አልጠፋም፤ ቀጥኗል፤
አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይቀራል።
እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም፤ ሁለት ትንፋሽ እቆጥራለሁ፤
አንዱን ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ፣ በየተራ አዳምጣለሁ።
ሲነጋ እርጥብ ጨርቄን ከባልዲው እጨምቃለሁ፤
ከዚያ በፊት ግን አንማውን ሲስተር ውዴ ዘንድ እወስዳለሁ፤
እንቢ ቢል እንኳ።

መጥረጊያዬ ከበሩ ኋላ ተደግፋለች።
አልጣልኳትም። ጓሮውን ትጥረግ፤ እሷ ምን አጠፋች?