የሰቀልነው ተርፎ

ከቁንዝላ ወጣን ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣
እኔና እንየው፣ አንድ ታንኳ፣ አንድ መንገድ፤
አሥር እስር ገሾ፣ ሁለት ማሰሮ ማር፣
ለቅዳሜ ገበያ፣ ለባሕር ዳር።
ስንቃችን በስልቻ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣
አንድ ክንድ ቋንጣ በኮባ ተጠቅልሎ።

መቅዘፊያው ቀርከሃ፣ ውሃውም የተኛ፣
ከሻላ በስተቀር ማን ነበረ ከእኛ?
እንየው ሲቀዝፍ ብዙም አይናገር፤
ሲመሽ ነው የሚፈታው የቋጠረው ነገር።

ግልገል አባይ ጣና ከሚገባበት
ደረስን፣ ፀሐይም ስትገባ ከቤት።
ታንኳዋን ጎትተን ከዳር አሰርናት፣
ገሾዋን ተሸክማ እዚያው አሳደርናት።
እሳት ልለኩስ ስል «ቆይ» አለኝ እንየው፤
«እሳት አይቸኩልም። መጀመሪያ ዛፍ እንየው።

የምትበላበት ሌላ፣ የምትተኛበት ሌላ፤
እጅህን በአሸዋ እጠብ ከበላህ በኋላ።
ጅብ ዓይኑን አያምንም፣ የሚያምነው አፍንጫ፤
ቋንጣ የነካ ጣት ነው የሌሊቱ ምርጫ።
ከግንዱ አታስጠጋ፣ ጦጣ ትወርድበታለች፤
ዝቅም አታድርገው፣ የጅብ አንገት አለች።
ገመዱን እሸው በምድጃ አመድ፤
ጉንዳን ይሸሸዋል፣ እንደ ተበዳሪ ዘመድ።
የማሩን አፍ ምረግ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይደር፤
ድንጋይ ጫንበትና እርሳው እንዳልነበር።»

«ለአንድ ስልቻ በሶ ይህ ሁሉ ሥርዓት?
ታቦት አስመሰልከው!» ብዬ ሳቅሁበት።
ግን ድንጋይ በገመድ አስሬ ወረወርሁ፤
ሁለቴ ስቼ፣ በሦስተኛው ግንባሬን መታሁ፣
በአራተኛው ላይ የሾላውን ክንድ አገኘሁ።
ስልቻው ተሰቀለ እንደ ተያዘ ሽፍታ፣
ከጨረቃዋ በታች እየዞረ በቀስታ።

ሌሊት መጣ ጅቡ። ትንፋሹን ሰማሁት።
«አያ ጅቦ፣ ራትህ ሰማይ ወጣ» አልሁት፣
በልቤ ነው እንጂ በአፌስ አልደፈርሁት።
ሁለቴ ዘለለ። ጥርሱ ነፋስ ነከሰ።
አጉረመረመና ወደ ጫካው ተመለሰ።
ኩራት ተከናንቤ ተኛሁ። ግን ከውሃው
እርጥብ ነገር ሲቀደድ ሰምቻለሁ፤
ማዕበል ነው ብያለሁ።

ሲነጋ ስልቻው ከነሙሉ ክብሩ፣
ገመዱ ሳይላላ፣ ሳይከፈት ከንፈሩ።
«እሰይ!» ብዬ ዞርሁ ወደ ውሃው ዳር።
ታንኳዋ
የለችም።
ከማሰሪያዋ ጫፍ ላይ አንድ እፍኝ ደንገል፣
እንደ አሮጌ መጥረጊያ ሲወዛወዝ በማዕበል።
ገሾውን ተፍቶታል፤ መሮት ነው ለካ፣
ቅጠሉ ተንሳፏል፣ ግማሹ እንደተላመጠ፣ ግማሹ ሳይነካ።
ጭቃው ላይ የጉማሬ ዱካ፣ አራት ጣት፣ አራት ጣት፣
ዳገቱን ወጥቶ ወርዷል እንደ ባለቤት።

እንየው ቁጭ አለ። አልተሳደበም።
ከዱካው ላይ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ አልነቀለም።
«በጅብ ዓይን አየን፣ በጦጣም፣ በጉንዳን፤
በጉማሬ ዓይን ማየት ግን ከዳን።
እኛ ታንኳ ስንል እሱ ሣር ይለዋል፤
የኛ መቀመጫ ለሱ ማዕድ ሆኗል።
በዳቦ ተሳፍረን መጣን እሱ ቤት፣
ደጁ ላይ አስረን ተኛን። ምን ያድርግ? በላት።»

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ቋንጣው አይቀመስ፣
በሶ በጠበጥን ጉሮሮ እስኪርስ።
ከዚያ ደንገል ማጨድ፣ መዘርጋት፣ ማድረቅ፣
ልጥ እየላጡ ማሰር፣ ማጥበቅ፣ ማጥበቅ።
ቅዳሜ ያለ እኛ ገበያዋ ቆመ፣
የባሕር ዳር ጠላ ያለ ገሿችን ከረመ።
ስልቻው ማታ እየወጣ፣ ጧት እየወረደ፣
እንደ ጾመኛ ሆድ እየቀለለ ሄደ።

በስድስተኛው ሌሊት ታንኳ አለን፤ ስንቅ የለንም።
ምን እንደምንሰቅል አልተነጋገርንም።
አንስተን ከሾላው ባላ ላይ አቆምናት፣
አመድ በታሸው በዚያው ገመድ ጠፈርናት፣
ባዶውን ስልቻ ለሁለት ተንተርሰን ተኛን።
ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር ተነፈሰ፤
የሳቀብን መሰለኝ።
«እንየው?» አልሁ በጨለማ።
«እንየው» አለኝ።