የጎረቤት ሰም

ቢቸና መብራት ከሄደ ዘጠነኛ ቀኑን ያዘ፣
ከደጀን የሚመጣው መኪናም በየኬላው ደነዘዘ፤
የሞጣ ነጋዴ ቀርቷል፣ ጭር ብሏል የቅዳሜ ገበያ፣
እኔም ባዶ ድስት ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ እዚያ።

ጧፍ ሠሪ ነኝ፤ ስሜ ይታይሽ፤ ዘንድሮ ግን የሚታየኝ ጠፋ፣
ክር ብቻውን አይበራ ነገር፤ ሰም ያጣ ክር ምን ተስፋ?

ሰሙስ ነበር፤ ሩቅም አይደል፤ ከአጥሬ ማዶ ነበረ፣
እንዳላማው ማሩን ቆርጦ ሰሙን አንጥሮ አኖረ።
ግን እኔና እሱ አንነጋገርም፤ ሦስት ዓመት አለፈን በክስ፣
በአንዲት ባሕር ዛፍ ሰበብ፣ ጥላዋ ለአንድ ውሻ እንኳ በማይደርስ።
እሱ «የአያቴ ናት» ይላል፤ እኔ «ባሌ ነው የተከላት»፤
ሦስት ዳኛ ተቀየረ፤ እሷ ታድጋለች፣ ምን ገዷት!

ሦስቱን ዓመት ሰም ከሞጣ አስመጣሁ፣ በእጥፍ ዋጋ፤
እልህ ቀለቡ ብዙ ነው፤ ሲበላ አምሽቶ፣ ሲበላ ይነጋ።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ አመሻሽ።
የእሱ ልጅ ጥሩዓለም በሬ ላይ ቆመች።
ከነጠላዋ ሥር አወጣች፤ በኮባ ቅጠል የታሰረ፣
ቢጫ ሰም፣ እንደ ጨረቃ ክብ፣ የማር ሽታው ያልበረረ።
«አባቴ ልኮኝ ነው» አለች።
«ምን በዪ አለሽ?»
«ምንም።»
«ዋጋውስ?»
«እሱንም አላለ።»
መሬት መሬት እያየች ትንሽ ቆየችና ሄደች።

ልመልሰው ነበር፤ አልዋሽም፤ እስከ አጥሩ ይዤው ሄጃለሁ፣
ክሩ ከግድግዳው ላይ ያየኝ መስሎኝ አፍሬ ተመልሻለሁ።
እሳት አነደድሁ። ሰሙ ከድስቱ ጠርዝ ጀምሮ ላላ፤
መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ አላበው፣ ቀጥሎ ፈሰሰ ለማንም ሳያደላ።

ለካ ንቦቹ ድንበር አያውቁ፤ ከኔ ጓሮ ባቄላ ቀስመው፣
ከዚያችው ከተካሰስንባት ባሕር ዛፍም አበባ ተሸክመው፣
የሁለታችንን ጓሮ አንድ ሰም አድርገው ኖሯል የሠሩት፤
ዳኞቹ በሦስት ዓመት ያቃታቸውን በአንድ ጥቢ ጨረሱት።

ነከርሁ፣ ሳብሁ፣ በመዳፌ አሸሁ፤ ጣቴን ፈጀኝ።
አርባ ጧፍ ወጣ። አርባ አንደኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሌሊት፣ ማርያም ግቢ። ሰው በሰው ላይ፣ ጉንፋን፣ ሳል፣
መሪጌታው ዜማውን እንደ ከባድ ገመድ ከጨለማው ይጎትታል፤
«ሰላም በምድር» የምትለዋ ላይ ድምፁ ተሰበረበት፤
ብርዱ ነው አሉ። እኔ እንጃ፤ ዘንድሮ ያቺ ቃል ክብደት አላት።

አንዱ ጧፍ ተለኮሰ። ከሱ ሌላው። ከሌላው ሌላ።
እሳት ሲሰጡት አይጎድል፤ ሰጪውም አልቀረ ወደኋላ።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ «አባቴ ልኮኝ ነው» ያለ ሌላም ልጅ አለ፣
በሌሊት ሰው ደጅ የቆመ፣ ዋጋውን ለማንም ያላለ።
ስንቱ ይሆን እንደኔ እስከ አጥሩ ይዞት የሄደ፣ ሊመልሰው?
ስንቱን ይሆን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባዶ ክር የመለሰው?

በወንዶች ወገን እንዳላማውን አየሁት፤ ጧፉ ፊቱን አሞቀው፣
ክሩ የኔ ነው፣ ሰሙ የሱ ነው፤ ሲነድ የማን እንደሆነ ማን ለየው?
የቅኔ ተማሪ እንደሚለው ሰሙ ቀልጦ ነው ወርቅ የሚታይ፤
ፊደል የማልቆጥር እኔ ያየሁት ግን የአንድ ሰው ፊት ነው፣
እንቅልፍ ያጣ፣ ያረጀ፣ እንደኔው የደከመው፣ በጭላንጭሉ ላይ።

ሲነጋ «እንኳን አደረሰህ» አልሁት፣ በአጥሩ ቀዳዳ።
«አብሮ ያድርሰን» አለ። በቃ። ይቺው ናት፣ ለሦስት ዓመት ዕዳ።

መብራቱ አልመጣም። መንገዱም አልተከፈተ።
ቀጠሯችን ጥር አሥራ ሦስት ነው፤ ዛፏም እዚያው ቆማለች፤
ዐሥር ጧፍ ለብቻ አስሬያለሁ፤ ምናልባት ልጅቷ ከመጣች።